ኮገና የሚባል ቃል

«ምንም ምልክት አልነበረውም?» ሲሉ እትዬ አልጋነሽ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቁ።

በዛወርቅ ቀና ሳትል «አልነበረውም፣ እትዬ» አለች።

«ራሴን አላለም?»

«አላለም።»

«እንዲያው አዞረኝ፣ እንዲያው ደከመኝ…»

«ለእኔ ምንም አላለኝም።»

እትዬ አልጋነሽ በረጅሙ ተነፈሱ። ከአገራቸው ከዋጫ አብረዋቸው ወደ መጡት ሴቶች ዞር ብለውም በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ አንድ ነገር ተናገሩ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በዛወርቅ ቦንጋ ዘጠኝ ዓመት ኖራለች፤ ገበያ ወጥታ ዋጋ ትከራከራለች፣ ሰላምታ አታጣም። ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲያወሩ ግን ከአሥር ቃል ሁለት ብትይዝ ነው። አሁን የያዘቻቸው «ሚስት» እና «ሦስት» የሚሉትን ነበር። ሦስት ምን? ምናልባት ስለ ሠልስቱ እያወሩ ይሆናል። ምናልባትም ስለ ሌላ ሦስት ቀን።

ባሏ ግዛቸው የተቀበረው ትናንት ነው። ረቡዕ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አማርኛ እያስተማረ ወደቀ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ። እትዬ አልጋነሽ ታላቅ እኅቱ ናቸው። እናታቸው ቀድመው ስላለፉ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት ከማንም በላይ አላቸው። ወደ ድንኳኑ የገባውን ሁሉ ይጠይቁ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩን፣ ጎረቤቱን፣ የግቢውን ዘበኛ ሳይቀር። ሁሉም «ኧረ ምንም አልነበረውም፣ ደህና ነበር» ይላል። ከዚያ ተመልሰው እሷን ይጠይቃሉ።

ዝናቡ የድንኳኑን ሸራ መምታት ሲጀምር ጋሽ መሐመድአሚን ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው። ሐዘንተኛውን ሁሉ በየተራ አጽናንተው ሲያበቁ ከበዛወርቅ አጠገብ ተቀመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ወረቀቱ እኔ ዘንድ ነው።»

የትኛው ወረቀት እንደሆነ ገብቷታል። «የቱ ወረቀት?» አለች ግን።

«የእሑዱ፣ የፍጻሜው ጨዋታ። እርማቱን ጽፎ ሰጥቶኝ ነው የሄደው። አልከፈትኩትም። ያንቺም አለ፣ እሱንም አልከፈትኩም። የክበቡ ልጆች በሰባቱ ዕለት ድንኳኑ ውስጥ ይነበብለት ብለዋል። ለግዛቸው ከዚህ የበለጠ ምን እናደርግለታለን?»

በዛወርቅ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ጋሽ መሐመድአሚን ያለቀሰች መስሏቸው ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ።

በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ መሐመድአሚን ሱቅ ጓሮ ውስጥ የሚሰበሰብ አሥራ አንድ አባላት ያሉት የቃል ጨዋታ ክበብ አለ። አብዛኞቹ መምህራን ናቸው፤ ሁለት ሦስት ነጋዴ፣ አንድ ነርስና አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊም አሉበት። ግዛቸው ከዋንዛ እንጨት ጠፍጣፋ ጠጠር አስጠርቦ በየአንዳንዱ ላይ ፊደል ቀለመበት። አሥራ አምስት በአሥራ አምስት ቤት ያለው ሰሌዳም ሠራ። ተጫዋቾቹ ዘጠኝ ዘጠኝ ጠጠር ያወጡና በየተራ ቃል ይደረድራሉ። ቀይ ቤት ላይ ያረፈ ፊደል ነጥቡ እጥፍ ነው። የደረደርከው ጠጠር አጠገቡ ካለው ጋር ተያይዞ ቃል ካልሆነ ጠጠርህን ታነሣለህ፣ ተራህም ያልፋል።

ጨዋታው እዚህ ላይ ቢያበቃ እንደ ማንኛውም ጨዋታ ነበር። ግዛቸው ግን አንድ ደንብ ጨመረበት። ጨዋታው እንዳለቀ ሁለቱም ተጋጣሚዎች ፊታቸውን አዙረው ይቀመጡና የራሳቸውን ስህተት ይጽፋሉ። የራሳቸውን ብቻ። ወረቀቱን አጥፈው ለክበቡ ጸሐፊ ለጋሽ መሐመድአሚን ይሰጣሉ፤ በሚቀጥለው እሑድ እያንዳንዱ የራሱን ከፍቶ ጮክ ብሎ ያነባል። የተጋጣሚን ስህተት ማንሣት ክልክል ነው።

«ሳምንቱን ሙሉ የሰው ደብተር ሳርም እውላለሁ፤ እሑድ እንኳ የራሴን ልረም» ይል ነበር።

በዛወርቅ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች የባዮሎጂ መምህርት ነበረች። በሦስተኛ ጨዋታዋ አሸነፈችው። በሚቀጥለው እሑድ ግዛቸው ተነሥቶ አሥራ አራት ስህተት አነበበ። አሥራ አራተኛው «ተጋጣሚዬን ስመለከት ሰሌዳውን ረሳሁ» የሚል ነበር። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እሷ ፊቷ እንደ በርበሬ ቀልቶ፣ ወደ ቤት ሲሸኛት «ሴት ናት ብለህ አንድ ነጥብ እንኳ ብትለቅልኝ ሁለተኛ አልጫወትም» አለችው። «አልለቅም» አላት። ተጋቡ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድም ነጥብ አልለቀቀላትም። በሠርጋቸው ማግስት እንኳ ሳይራራ በሰማንያ ነጥብ አሸንፏታል። ማንም ባያውቀውም፣ በዛወርቅ እንደምትወደድ የምታውቅበት አንዱ መንገድ ይኸው ነበር።

በሠልስቱ ቀን ድንኳኑ ሞላ። ሰው እየገባ «እግዜር ያጽናሽ» ይላል፤ ጎረቤት በፔርሙስ ያመጣው ቡና በስኒ ይዞራል፤ ንፍሮ ይታደላል። በዛወርቅ ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም። የተነጠፈው የፕላስቲክ ምንጣፍ ባለ አራት ማዕዘን ጥለት ነው። ሳታስበው ከጥግ ጀምራ መቁጠር ያዘች። አሥራ አምስት ወደ ጎን፣ አሥራ አምስት ወደ ታች። ከዚያ የእሑዱን ጨዋታ መደርደር ጀመረች።

የተጫወቱትን ሁሉ ታስታውሳለች። የመጀመሪያው ዙር የእሱ ነበር፤ ጥሩ ቃል፣ ጥሩ ቦታ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በስድስተኛው እሷ «መስኮት»ን መሐል ላይ ከላይ ወደ ታች ደረደረች። እስከዚያ እሱ በሃያ ነጥብ ይመራ ነበር። ከስምንተኛው ጀምሮ መበላሸት መጣ።

«በዛዬ፣ ትንሽ ቅመሺ እንጂ» አለች አንዲት ሴት። በዛወርቅ ስኒውን ተቀብላ መሬት አስቀመጠችው።

አሥራ አንደኛው ዙር። ግዛቸው «ገና»ን ደረደረ፤ ከ«መስኮት» «ኮ» ቀጥሎ በስተቀኝ፣ ምንም ክፍተት ሳይተው። ሰሌዳው ላይ «ኮገና» የሚል ነገር ተፈጠረ።

«ይሄ ምን የሚሉት ቃል ነው?» አለችው።

«ገና።»

ቆይ፣ አልጨረስኩም ያላት መሰላት። ጠበቀችው። እሱም እሷን ጠበቃት።

«እሺ፣ ጨርሳ!»

«ጨርሻለሁ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ገና ነው እኮ የምልሽ!»

«ገና ከሆነማ እስከ ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ መጠበቅ ነዋ!» አሉ ጋሽ መሐመድአሚን፤ ሰው ሁሉ በሳቅ አውካካ። ከገቡበት ሰዓት ጀምሮ «ዘንድሮስ ዋንጫውን ለባለቤትህ ልቀቅላት» እያሉ ሲቀልዱበት ነበር፤ ሴት ዋንጫውን ወስዳ አታውቅም። በዛወርቅ አልሳቀችም። ጣቷን ዘርግታ «ኮ»ን ነካችለት። ግዛቸው ለረጅም ጊዜ አየው። «አሃ» አለና ጠጠሮቹን አነሣ፤ ከሌሎቹም ጋር ሳቀ። በአሥራ አራተኛው እንደዚሁ፣ በአሥራ ስድስተኛው እንደዚሁ። በመቶ አሥር ነጥብ አሸነፈች።

አሁን ምንጣፉን አየች። ከስምንተኛው ዙር በኋላ የደረደራቸውን ቃሎች አንድ በአንድ አስቀመጠች። ሁሉም ከመሐል ወዲህ ናቸው፤ በቀኝ። በግራ በኩል ሁለት ቀይ ቤቶች ባዶ ነበሩ፤ ተማሪ እንኳ የማይስታቸው። አንድም ጠጠር ወደዚያ አልወሰደም። የሳተው እያንዳንዱ ፊደል ከቃሉ በስተግራ የነበረ ነው።

የአንጎልን ሥዕል በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ትስላለች። «የቀኙ ክፍል የግራውን አካል ያዛል» ትላለች፤ ተማሪዎቿ ይጽፋሉ፤ በፈተና ላይም ታመጣዋለች። ረቡዕ ማታ ሐኪሙ ደሙ የፈሰሰው በአንጎሉ ቀኝ በኩል መሆኑን፣ ከጀመረም ቀናት ሳይሆነው እንደማይቀር ነግሯታል። «ሰሞኑን የተለየ ነገር አይታችሁበታል?» ሲላት «አላየንም» ያለችው ከልቧ ነበር።

አሁን ግን አይታለች። የዚያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ የግቢው በር ጋ የግራ ትከሻውን ከመቃኑ ጋር አጋጨ። እሷ ግን የምታስበው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

«ለቀቅክልኝ አይደል?»

«ምኑን?»

«አታሹፍብኝ። ጨዋታውን።»

«በዛ፣ አላየሁትም ነው የምልሽ።»

«ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ያላለፈህ ሰውዬ በፍጻሜው ቀን ኮ ተሰወረብህ?»

ቀድሟት ገባ። እሷም እስከ ረቡዕ አላናገረችውም። ሰኞ ማታ ራቱን ለብቻው አቀረበችለት፤ ከተጋቡ በአንድ ትሪ ሳይበሉ የቀሩት በኩርፊያ ቀን ብቻ ነው። ሳሕኑን ስታነሣ ሽሮው በግራ በኩል እንዳለ ቀርቷል፣ በቢላ የተቆረጠ ይመስል። «እሱም አኮረፈ» አለች በልቧ፤ ሳሕኑን አጠበች። አብረው ቢበሉ ኖሮ ይህን ምልክት ባላየች ነበር። ያኮረፈችው ስለሆነ አየችው፤ ስላኮረፈችውም አላነበበችውም።

«አንቺ» አሉ እትዬ አልጋነሽ ከጎኗ። ደነገጠች። «ምግብ ይበላልሽ ነበር?»

«ይበላ ነበር፣ እትዬ።»

ይህኛው የመጀመሪያው ውሸት ነበር።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ እንኳ ሸለብ ሲያደርጋት የምታስበው ወረቀቱን ነው። ምን ጽፎ ይሆን? ከወደቀ በኋላ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ስለራሱ የጻፈው የመጨረሻው ነገር ያ ነው። «ራሴን አሞኛል፣ ለበዛ ምልክት ብሰጣትም…» ብሎ ቢሆንስ? በሰባቱ ዕለት ሊነበብ ነው፤ እትዬ አልጋነሽ ባሉበት፣ ከዋጫ በመጡት ሴቶች ፊት። በዚያ ላይ የእሷም ወረቀት አለ። እሱ ላይ ምን እንዳለ ታውቀዋለች። አንድ መስመር ነው። በንዴት ቀጥ አድርጋ ነው የጻፈችው፦ «በዚህ ጨዋታ ስህተት የለብኝም።»

በአምስተኛው ቀን ጋሽ መሐመድአሚን መጥተው ሲወጡ እስከ በሩ ሸኘቻቸው።

«የግዛቸውን ወረቀት ልይ።»

«በዛወርቅ፣ ደንቡ እኮ…»

«ደንቡን አውቀዋለሁ፣ ጋሽ መሐመድአሚን። ዘጠኝ ዓመት ተጫውቼበታለሁ።»

ዓይኗን አዩ። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ሁለት የታጠፉ ወረቀቶች አውጥተው ሰጧት። «አትቅደጂው እንጂ» አሉ በቀስታ፣ «የፈለግሽውን አድርጊ።»

መኝታ ቤት ገብታ በሩን ገፋ አደረገችው። የእሱን ከፈተች። መጀመሪያ ያየችው ባዶውን ነው። የወረቀቱ ግራ ግማሽ ንጹሕ ነው፤ ጽሑፉ በሙሉ በቀኙ ግማሽ ላይ ተጨናንቋል፣ መስመሮቹ አጫጭር ሆነው እየተደራረቡ። ለሃያ ዓመት የሰሌዳ ጽሕፈቱ የተመሰገነ ሰው ነው።

«የራስ እርማት። ግዛቸው። አንድ፦ በአሥራ አንደኛው ዙር ገናን ስደረድር ኮን አላየሁም። ሁለት፦ በአሥራ አራተኛውና በአሥራ ስድስተኛውም እንደዚሁ። ቀይ ቤት ባዶ መሆኑን ያወቅኩት ጠጠር ሲሰበሰብ ነው። ሦስት፦ መነጽሬን መቀየር ካሰብኩ ሁለት ዓመቴ፤ ስንፍና። አራት፦ በዛ የለቀቅኩላት መስሏታል፤ ፊቷን አይቻለሁ። አንድም ነጥብ አልለቀቅኩም። አሸንፋኝ ነው። ይህን የዛሬ ሳምንት ሳነብ ቀና ብላ እንድታየኝ እፈልጋለሁ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛ ጊዜ አልቻለችም።

አልከሰሳትም። ያ ግን አላሳረፋትም። የወረቀቱን ባዶ ግማሽ ያየ ሁሉ ይጠይቃል፤ ከክበቡ አባላት አንዱ፣ አብዮት፣ የጤና ጣቢያ ነርስ ነው፣ ይገባዋል። «ሲጽፍ አጠገቡ ማን ነበር?» ይላሉ። «ሦስት ቀን አብሮ የበላ፣ አብሮ የተኛ ማን ነበር?» ወረቀቱ ጠፋብኝ ብትልስ? ጋሽ መሐመድአሚን አያጋልጧትም። እትዬ አልጋነሽም ምልክት አልነበረውም እንደተባሉ ወደ ዋጫ ይመለሳሉ። የሚጎዳ ሰው የለም። በሩ ሲጥ ሲል ወረቀቱን ከትራሱ ሥር ከተተችው።

እትዬ አልጋነሽ ናቸው። ቆመው አዩዋት። «ጋደም በይ» አሉ። «እኔ ሰው እቀበላለሁ።» ከዚያ ግን አልሄዱም። አንድ ነገር ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት፤ ወጡ።

በሰባተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ሰው ቀለል ሲል የክበቡ አባላት መጡ። ሰሌዳውን አላመጡም፤ ወንበር አጠጋግተው ተቀመጡ። ጋሽ መሐመድአሚን ስለ ግዛቸው ጥቂት ተናገሩ፤ ወደ በዛወርቅም ዞሩ። ወረቀቱን መጠየቅ ግን ፈርተዋል። እትዬ አልጋነሽ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው አንዴ የክበቡን ሰዎች፣ አንዴ እሷን ያያሉ። ከዋጫ የመጡት ሴቶች ወጥ ቤት ናቸው።

በዛወርቅ ሁለቱን ወረቀቶች ከጉያዋ አወጣች።

«እርማት የሚያነበው የጻፈው ሰው ነው» አለች። «የእሱን ማንም አያነብም። እኔም አላነብለትም።»

«እውነት ነው» አለ አብዮት። ሌሎቹም ተስማሙ። እዚህ ላይ ብታቆም ይበቃ ነበር። ማምለጫው ራሱ ግዛቸው ያወጣው ደንብ ነበር፤ ሁሉም ለመነሣት ወንበራቸውን እያስተካከሉ ነው።

«የራሴን ግን አነባለሁ።»

ወረቀቷን ከፈተች። ድምፅዋ ክፍል ውስጥ ስታስተምር የምታወጣው ዓይነት ነበር።

«በዚህ ጨዋታ ስህተት የለብኝም ይላል። ልክ አይደለም። አንድ፦ በአሥራ አንደኛው ዙር ተጋጣሚዬ ኮን አላየሁትም አለ፤ አላመንኩትም። ሁለት፦ ከስምንተኛው ዙር በኋላ ግራ በኩል አልነካም፤ ነጥቤን ስቆጥር አላስተዋልኩም። ሦስት፦ በሩ ትከሻውን ሲመታው አጠገቡ ነበርኩ። አራት፦ ሰኞ ማታ የሳሕኑን ግራ ሳይነካ ተወው። ሳሕኑን አጠብኩት። አምስት፦ ይህን አስተምራለሁ።»

አጠፈችው። አብዮት እጁን በፊቱ ላይ አደረገ።

«ምን ነው ያለችው?» አሉ እትዬ አልጋነሽ። የጨዋታው ነገር አልገባቸውም፤ «ሳሕን» የሚለውን ግን ሰምተዋል።

በዛወርቅ ከወንበሯ ተነሥታ ፍራሹ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ምልክት ነበረው፣ እትዬ» አለች። «ግራውን ማየት አቁሞ ነበር። ያላገጠብኝ መስሎኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩት። ይበላ ነበር ያልኩዎትም ውሸት ነው፤ ግማሹን ነበር የሚበላው።»

ከዚያ ጠበቀች። ስድብ ጠበቀች፤ ጩኸት ጠበቀች፤ ተነሥተው ሴቶቹን ሲጠሩ ታያት። ጋሽ መሐመድአሚን ለሌሎቹ ምልክት ሰጧቸውና አንድ በአንድ፣ ወንበር ሳያንኳኩ ወጡ።

እትዬ አልጋነሽ ለረጅም ጊዜ የምንጣፉን ጥለት አዩ።

«ማክሰኞ ደውሎልኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ።

በዛወርቅ ቀና አለች።

«ግራ እጄ ደነዘዘኝ አለኝ። ተኝተህበት ነው አልኩት። በቅቤ አሳሸውና ሙቅ ውኃ ያዝበት፣ ይለቅሃል አልኩት።» ቃሎቹን አንድ በአንድ ከሩቅ እንደሚያመጧቸው ያህል ነበር። «ሳቀ። ማን ያሸኛል፣ በዛ አኩርፋኛለች አለኝ። እኔም ሳቅሁ። ጎሽ፣ ደግ አደረገች አልኩት። ስልኩን ዘጋሁ።»

ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረ፦ «ሰው ሁሉ ምልክት አልነበረውም ሲለኝ ትንሽ እተነፍሳለሁ። ለዚህ ነው የምጠይቀው። አንቺን ደጋግሜ የጠየቅሁሽ ለዚህ ነው። አልነበረውም በይኝ ብዬ ነው።»

በዛወርቅ ያላትን እውነት ሰጥታ የሳቸውን እስትንፋስ እንደወሰደችባቸው ገባት። ይቅርታ ልትል ስትጀምር እትዬ አልጋነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እጅሽን አምጪ» አሉ።

ቀኟን ሰጠች።

«ያኛውን።»

ግራ እጇን ተቀብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ቅቤም ሙቅ ውኃም አልነበረም። በሻካራ አውራ ጣታቸው ከአንጓዋ ጀምረው ወደ መዳፏ፣ ከመዳፏ ወደ ጣቶቿ ማሸት ጀመሩ፤ በቀስታ፣ ጠንከር አድርገው፣ ቀና ብለው ሳያዩዋት። በዛወርቅ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘረጋችላቸው።